ከውርጭ በኋላ ያለው ገበያ

አሜሪካ ውስጥ የገበሬዎች ገበያ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጁላይ ይሄዳል፤ ወደ ኮኩ፣ ወደ በሰለው ቲማቲም፣ ወደ በቆሎው። ሴፕቴምበር ገብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሸማቹ ቁጥር ይሳሳል። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚመጣው ደንበኛ ብቻ ይቀራል። ይህ ምዕራፍ የዚያን ደንበኛ ብልህነት ያስረዳል። ወጥ ለሚሠራ ቤት፣ በተለይም የሐበሻ ወጥ ለሚሠራ ቤት፣ የዓመቱ ምርጥ ገበያ የመኸሩ ነውና።

ለዚህ ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በሐበሻ ምግብ ቤቶቿና በእንጀራ መሸጫዎቿ ትታወቃለች፤ በዚያው መሐል ከተማ፣ ኤልስዎርዝ ድራይቭ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። እሑድ ደግሞ ታኮማ ፓርክ ሎረል አቬኑ ላይ፣ ዲሲ ውስጥም ከ1997 ጀምሮ በዱፖንት ሰርክል ገበሬው ድንኳኑን ይተክላል። ኖቬምበር ላይ በእነዚህ ጠረጴዛዎች የሚደረደረው ጎመን በእስር በእስሩ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር ከነቅጠሉ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ነጭ ሽንኩርት ነው። የጾም በያይነቱ ከሞላ ጎደል ተሟልቷል ማለት ይቻላል፤ የጎደለው ምስሩና ሽሮው ነው። ጊዜውም ገጥሟል፤ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ኅዳር 15 በአሜሪካው አቆጣጠር ኖቬምበር 24 ወይም 25 ላይ ይውላል፤ ጎመኑም የሚጣፍጠው ያን ሰሞን ነው።

እነዚህ ገበያዎች እንደ ጥንት ወግ ሳይቋረጡ የመጡ አይደሉም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሱፐርማርኬት ሲስፋፋ አብዛኞቹ የአሜሪካ የከተማ ገበያዎች ከሰሙ፤ ከተማ ዳር ያለው ገበሬም ምርቱን ለጅምላ አከፋፋይ ከመሸጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ለውጡ በአንድ ዓመት፣ በ1976፣ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በዚያ ዓመት ባሪ ቤነፒ የተባለ የከተማ ፕላን ባለሙያና ባልደረባው ቦብ ሉዊስ ኒውዮርክ ውስጥ፣ 59ኛው መንገድና ሁለተኛው አቬኑ ጥግ ባለ ባዶ መሬት ላይ ጥቂት ገበሬዎችን ሰብስበው ግሪንማርኬትን ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ፎርድ ገበሬው በቀጥታ ለሸማቹ እንዲሸጥ የሚያግዝ ሕግ ፈረሙ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1994 ሲቆጥር አገሪቱ ውስጥ 1,755 የገበሬ ገበያዎች ነበሩ። በ2014 ቁጥሩ ከ8,200 አለፈ።

ገበሬው ሌሊት ተነሥቶ፣ መኪና ጭኖ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚነዳው ለምንድን ነው? መልሱ በአንድ ዶላር ውስጥ አለ። አሜሪካዊ ለምግብ ከሚያወጣው እያንዳንዱ ዶላር እርሻ ድረስ የሚደርሰው 15 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ የቀረው በማጓጓዣው፣ በማሸጊያው፣ በመደብሩና በምግብ ቤቱ ይቀራል። ገበያ ላይ ቆሞ የሚሸጥ ገበሬ ግን የድንኳን ክፍያውን፣ ነዳጁንና የሠራተኛ ደመወዙን ከቻለ ሌላው የእርሱ ነው። ስለዚህ አንድ እስር ጎመን እዚህ ከመደብሩ ጥቂት ሲወደድ ሸማቹ ልዩነቱ የት እንደሚገባ ያውቀዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ሻጩ በእርግጥ ያመረተው ሰው ሲሆን ነው። ደንቡ ከገበያ ገበያ ይለያያል። ግሪንማርኬትና የዲሲዎቹን የሚያስተዳድረው ፍሬሽፋርም ሻጩ ራሱ ያመረተውን ብቻ እንዲያመጣ ያስገድዳሉ፤ የእርሻውንም ርቀት ይገድባሉ። ሌላ ቦታ አምራችና ቸርቻሪ ተደባልቀው ይቆማሉ። በ1873 የተከፈተው የካፒቶል ሂሉ ኢስተርን ማርኬት ለምሳሌ ሁለቱንም ያስተናግዳል። ቸርቻሪ መሆን ነውር የለበትም፤ ሸማቹ ለማን እንደሚከፍል ማወቁ ግን ተገቢ ነው። ለማወቅም ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኦክቶበር ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ሙዝና ማንጎ ከታየ ዕቃው ከጅምላ ገበያ የመጣ ነው። ያመረተ ሰው መቼ እንደተከለ፣ ምን እንደረጨ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያመጣ ሲጠየቅ አያመነታም።

ስለ መርጨት ከተነሣ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። “ኦርጋኒክ” የሚለው ስም በአሜሪካ ከኦክቶበር 2002 ጀምሮ በፌደራል መንግሥት ደንብ የሚጠበቅ ነው፤ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ኦርጋኒክ ምርት የሚሸጥ ገበሬ የምስክር ወረቀት ሳይኖረው በዚህ ስም መሸጥ አይችልም። ብዙ ትንንሽ ገበሬዎች ወጪውንና ወረቀቱን ሸሽተው ምስክሩን አላወጡም፤ አሠራራቸው ግን ጥሩ ሊሆን ይችላል። የአፕል ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አየር እርጥበታም ስለሆነ ፈንገስ ይበረታል፤ እዚያ አፕልን ያለ ምንም መድኃኒት ማምረት እጅግ ከባድ ነው። “ምንም አልረጭም” ከሚል የአፕል ሻጭ ይልቅ ምን፣ መቼና ለምን እንደረጨ የሚያስረዳው የበለጠ ይታመናል።

አሁን ወደ ውርጩ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ውርጭን የሚያውቀው በጠላትነቱ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት መጥቶ የደረሰ ባቄላና ገብስ ያቃጥላል። በሜሪላንድ እርሻም በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ የሚመጣው የመጀመሪያው ውርጭ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና በሶብላውን በአንድ ሌሊት ያጠቁራል። እነዚህ ከሞቃት አገር የመጡ ተክሎች ስለሆኑ ለብርድ መከላከያ የላቸውም። ጎመን፣ ካሮት፣ ስፒናችና ጥቅል ጎመን ግን መከላከያ አላቸው። ብርዱ ሲበረታ ያከማቹትን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ ስኳር የሟሟበት ውኃ ቶሎ በረዶ አይሆንምና የቅጠሉ ሴል ሳይፈነዳ ያድራል። ተክሉ ራሱን ሊያድን ያደረገውን ሰው በምላሱ ያገኘዋል። ኦገስት ላይ የተቀጠፈ ጎመን የሚመርና ጠንከር ያለ ነው፤ ያው ማሳ ሁለት ሦስት ጊዜ ውርጭ ካደረበት በኋላ የሚሰጠው ጎመን ጣፋጭ ይሆናል። በደቡብ ግዛቶች ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ይህን ከትውልድ ትውልድ ያውቁታል፤ ጎመኑ ውርጭ እስኪያገኘው ይጠበቃል።

እዚህ የሚሸጠው ጎመን ኮላርድ የሚባለው ነው። ከአገር ቤቱ ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ሰው ከሚገምተው ይቀርባል። የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ ኮላርድና ጥቅል ጎመን የሚመደቡበት ዝርያ ከሰናፍጭ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ተክል ነው። ይህን ዝምድና በ1935 ጽፎ ያሳየው ናጋሃሩ ዩ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ዲያስፖራው ጎመን ሲያጣ ኮላርድን መተኪያ ማድረጉ እንግዲህ ድንገተኛ ምርጫ አልነበረም፤ የወላጁን ዘር ነው ያገኘው።

ጎመኑን ለመምረጥ እስሩን ገልብጦ የተቆረጠውን ግንድ ማየት ይበቃል። ዛሬ ወይም ትናንት የተቆረጠ ጫፉ እርጥብና ነጣ ያለ ነው፤ የቆየው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ቅጠሉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ዳሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መኖሩ ትል ጎብኝቶታል ማለት እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ውኃ እንዳዘለ ጨርቅ የጠቆረና ብርሃን የሚያሳልፍ ቅጠል ግን ከውርጭ አልፎ በረዶ የመታው ነው፤ ይተዋል። ጎመን በብዛት ለሚገዛ ሰው ፍሪዘሩ ጥሩ ወዳጅ ነው። ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በፈላ ውኃ 3 ደቂቃ ገንፈል ብሎ፣ ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ተጨምቆ በከረጢት ሲቀመጥ ከርሞ ለገና ጾም ሙሉ ይበቃል። የ3 ደቂቃዋን ማንፈር መዝለል አያዋጣም፤ ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች ፍሪዘር ውስጥም ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ ጣዕሙና ቀለሙ ይለወጣል።

ቀይ ሥር ከነቅጠሉ ሲገዛ ሁለት ምግብ ነው። ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ዝርያ ናቸው፤ የቀይ ሥር ቅጠልም እንደ ቆስጣ ይሠራል። ቤት እንደተገባ ግን ቅጠሉ ሁለት ጣት ያህል ግንድ ቀርቶለት መቆረጥ አለበት፤ ካልሆነ የሥሩን ውኃ ይመጥጠዋል። የካሮትም እንዲሁ ነው።

ዱባ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦክቶበር ላይ በየደጁ የሚቀመጠው ትልቁ ብርቱካንማ ዱባ ለሃሎዊን እንዲቀረጽ የተመረጠ ዝርያ ነው፤ ውኃ የበዛበትና ቃጫማ ስለሆነ ወጡ ይቀጥናል። በጣሳ የሚሸጠው የዱባ ገንፎ እንኳ ከእርሱ አይሠራም፤ የሚሠራው ዲኪንሰን ከሚባልና ለበተርነት ዱባ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ዝርያ ነው። ለዱባ ወጥ የሚመረጡት በተርነትና ካቦቻ ናቸው። ካቦቻ ደረቅና ጣፋጭ ስለሆነ ቁሌቱን ይሸከማል፤ በተርነት ለስለስ ይላል፣ ለመላጥም ይቀላል። የበሰለ ዱባ ቆዳ በጥፍር ሲጫኑት አይገባለትም፤ ጥፍር ከገባ ያለ ጊዜው ተቀጥፏል። እንጨታማው ግንዱም አብሮት መኖር አለበት፤ ግንዱ ተነቅሎ የወደቀበት ቦታ የመበስበስ በር ነው። ደህና በተርነት ፍሪጅ ሳይገባ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ኖቬምበር ላይ አራት አምስት በተርነት ገዝቶ ማስቀመጥ ስለዚህ ማባከን አይደለም።

ስኳር ድንች ከማሳ በወጣ ዕለት አይጣፍጥም። ገበሬው በ29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና በከፍተኛ እርጥበት ለአንድ ሳምንት ያህል ያሳድረዋል፤ በዚያ ጊዜ የተቧጨረው ቆዳ ይድናል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ሻጩን “አሳድረኸዋል?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስኳር ድንችን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን ያን ሁሉ ልፋት ያጠፋል፤ ውስጡ ይደርቅና ጣዕሙ ይከፋል። ተራው ድንችም ፍሪጅ አይወድም፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ስኳር ያጠራቅማል፣ ሲጠበስም ይጠቁራል። ቦታው ቀዝቃዛና ጨለማ መሆን አለበት፤ ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ክፍልም ሶላኒን የተባለ መርዝ ይዞ ስለሚገኝ ተቆርጦ ይጣላል።

በመኸር ገበያ ሐበሻን ይበልጥ የሚያስደስተው ዝንጅብሉ ሊሆን ይችላል። ባለፉት ዓመታት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ገበሬዎች በፕላስቲክ ዋሻ ቤት ውስጥ ዝንጅብልና እርድ ማምረት ጀምረዋል፤ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ይህን አሠራር በማስተዋወቅ ይታወቃል። ብርድ ከመግባቱ በፊት ለጋ ሆኖ ስለሚነቀል ቆዳው እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ጫፉ ሮዝ ነው፤ መላጥ አያስፈልገውም፤ ቃጫም የለውም። ከመደብር ከሚገኘው ጋር ሲተያይ ሽታው እጅግ ንጹሕ ነው። ጉዳቱ አለመቆየቱ ነው። ለጋ ዝንጅብል ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ መርሳት አይገባም፤ ተፈጭቶ ወይም ከነሁለመናው ፍሪዘር ይገባል።

የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ዘይት ጨምሮ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የግድ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ስፖር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ዘይት አየር ሲዘጋበትና ክፍሉ ሞቅ ሲል ባክቴሪያው ገዳይ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ሽታውንም መልኩንም ላይቀይር ይችላል። በዘይት የተቀላቀለ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ አይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥም ከ4 ቀን በላይ አይቆይ፤ ለረጅም ጊዜ ከተፈለገ በትንንሽ ከረጢት ፍሪዘር ይግባ። ሳይፈጭ ከነልጣጩ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ግን ደረቅ ቦታ ላይ ወራት ይቆያል። ግቢ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኦክቶበር ላይ ከገበያ የተገዛ ነጭ ሽንኩርት በፍንካች በፍንካቹ ቢተከል በቀጣዩ ዓመት ጁን ወይም ጁላይ ላይ ይደርሳል። በአካባቢው የበቀለ ዘር ስለሆነም ክረምቱን ለምዶታል።

ቃሪያና በርበሬ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ማወቅ አለበት። ውርጭ ሊመጣ መሆኑ ሲነገር ገበሬው ማሳውን በአንድ ቀን ያራግፋል፤ በዚያ ሳምንት ገበያ ቀይ የበሰለውና አረንጓዴው ቃሪያ፣ ገና ያልደረሰውም ቲማቲም በሣጥን ይወርዳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ቃሪያ ሳይገነፍል ተከትፎ ፍሪዘር መግባት ይችላል። ለሚደርቅ በርበሬ የአካባቢው እርጥበት አይመችም፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ስለዚህ የማድረቂያ ማሽን ወይም ለብ ያለ ኦቨን ያስፈልጋል።

ስለ አፕል ጥቂት ቃል። ከመደብር የሚገዛው አፕል ኦክሲጅን በተቀነሰበት መጋዘን ውስጥ ብዙ ወራት ከርሞ ሊሆን ይችላል፤ የኦክቶበር ገበያ አፕል ግን የዚያው ሳምንት ነው። ፐርዱ፣ ራትገርስና ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ያወጡት ጎልድራሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይኮመጥጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲከርም ግን እየጣፈጠ ይሄዳል። አፕልና ካሮትን አንድ መሳቢያ ውስጥ ማድረግ አይገባም። አፕሉ የሚተነፍሰው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ካሮቱን መራራ ያደርገዋል።

ዋጋ ላይ የአሜሪካ ገበያ እንደ መርካቶ ክርክር አይወድም። አንድ እስር ጎመን ላይ መከራከር ገበሬውን ያሳፍራል። “ሙሉ ሣጥን ብወስድ ስንት ትለኛለህ?” ብሎ መጠየቅ ግን የተለመደ ነው፤ ለማኅበር፣ ለዝክር ወይም ለክርስትና ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ጥያቄ ብዙ ብር ያድናል። የተቧጨረ ወይም የተመታ አፕልና ቲማቲም “ሰከንድስ” ተብሎ ተለይቶ በርካሽ ይሸጣል። ገበያው ሊዘጋ ሲል ገበሬው ጭኖ መመለስ ስለማይፈልግ ዋጋ የሚቀንስበት ጊዜም አለ፤ የተሻለው ጎመን ግን ያን ጊዜ አልቋል።

ፉድ ስታምፕ የተባለውን የመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ መራቅ የለበትም። በብዙ ገበያዎች ኢቢቲ የሚባለው የድጎማው ካርድ በመረጃ ጠረጴዛው ላይ ይሠራል፤ ከካርዱ ገንዘብ ተቀንሶ በምትኩ ሳንቲም መሳይ ማስመሰያ ይሰጣል፤ በእርሱ ከየድንኳኑ ይገዛል። ከዚህም አልፎ ለአትክልትና ፍራፍሬ የወጣውን ገንዘብ ተጨማሪ አክለው እጥፍ የሚያደርጉ ገበያዎች አሉ። በታኮማ ፓርክና በላንግሊ ፓርክ ድንበር ላይ በ2007 የተቋቋመው ክሮስሮድስ ገበያ ይህን አሠራር አገሪቱ ውስጥ ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ የተቋቋመውም ስደተኛ በብዛት በሚኖርበት ሰፈር ነው። ፉድ ስታምፕ ምግብ የሚያፈራ ዘርና ችግኝም ይገዛል። ይህን መብት ሳያውቁ ከገበያው ዳር የሚያልፉ ወገኖች መኖራቸው ያሳዝናል፤ ምክንያቱም እጥፍ የሚሆነው ገንዘብ የሚገዛው ጎመንን፣ ድንችንና ቀይ ሥርን፣ በየቀኑ የሚበላውን ነው።

አዲስ አበባም በተመሳሳይ አቅጣጫ ሄዳለች፤ የእሑድ ገበያዎች የተከፈቱት አምራቹንና ሸማቹን በቀጥታ አገናኝቶ በመሐል የሚገባውን ደላላ ለመቀነስ ነው። ሁለቱ ከተሞች ችግራቸው ይለያያል፤ ሸማቹ የሚጠይቀው ግን አንድ ነው፤ ይህን ያመረተው ማን ነው፣ ገንዘቤስ ማን ጋ ይደርሳል?

በዋሽንግተን አካባቢ ካሉት ገበያዎች ብዙዎቹ ከታንክስጊቪንግ ወይም ከገና በፊት ለዓመቱ ይዘጋሉ። የዱፖንት ሰርክልና የታኮማ ፓርክ የእሑድ ገበያዎች ግን ክረምቱን ሙሉ ይቆማሉ። ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠንካራ ከረጢት ይዛችሁ ውጡ፤ ኢቢቲ ካላችሁ መጀመሪያ ወደ መረጃ ጠረጴዛው ሂዱ፤ ጎመኑን የምትገዙትን ገበሬ ማሳው ላይ ውርጭ ወርዶ እንደሆነ ጠይቁት።